የሌሊት 9 ሰዓት አላርም

ዛሬ እዚሁ ታይዋን ገበያ ስልክ ላሠራ ሄድኩ። ቻርጅ አልቀበል ብሎኝ ነው። ሠሪው ልጅ ሃያም የሞላው አይመስልም፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ምነው፣ አልተኛህም እንዴ?»

«ኤንቢኤ አቦ! ደግሞ ተሸነፉብኝ።»

የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ማለቱ ነው። ሲዝኑ ገና መጀመሩ ነው፣ የሱ ቡድን ግን ከወዲሁ ሽንፈት በሽንፈት ሆኗል። (ስሙን አልጠቅስም፣ ያለባቸው ይበቃቸዋል።) እዚያ ምሽት የሚጀመረው እኛ ጋ ሌሊት 9 ሰዓት ግድም ነው። አላርሙን አሳየኝ፤ 8:55 ይላል፣ ከሥሩ «ልጆቼ» ብሎ ጽፎበታል። ልጆቼ! ግማሾቹ እኮ ይበልጡታል።

«ለምን አሸናፊ አትደግፍም?» አልኩት፣ እንደ ትልቅ ሰው።

መፍቻውን አስቀመጠ። «ዲትሮይት በፈረንጆቹ 2023 ሃያ ስምንት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ። በቀጣዩ ሲዝን 44 አሸነፈ። ልጅ ቡድን ነዋ፣ እየተመታ ነው የሚማረው።»

እኔ በሁለት ሽንፈት ኳስ ማየት ያቆምኩ ሰውዬ ዝም አልኩ። ስንቱን ነገር እንደዚያው በሁለተኛው ሳምንት ትቼዋለሁ።

ስልኬን ሰጠኝ፤ ቻርጅ ያደርጋል።

«ዛሬስ ትተኛለህ?»

«ዛሬ እረፍት ናቸው። ነገ ነው እንጂ ጉዱ።»