በ9 ዲግሪ ላይ ፖላር አላይመንት፦ የሰሜን ኮከብን አትጠብቁ

የሰማይ ፎቶ ለመጀመር ዩቲዩብ የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር አንድ ዓይነት ነው። የሰሜን ኮከብን ፈልግ፣ በማውንቱ (ቴሌስኮፑን ተሸክሞ በሚያዞረው መቆሚያ) ፖላር ስኮፕ፣ ማለትም በማነጣጠሪያው ትንሽ መነጽር፣ ውስጥ ቦታዋ ላይ አስገባት፣ አለቀ። ፖላር አላይመንት ማለት ይኼው ነው፦ የማውንቱን ዘንግ ወደ ሰማይ ዋልታ፣ ከዋክብት ሁሉ ዙሪያውን ወደሚዞሩት ነጥብ፣ ማነጣጠር፤ የሰሜን ኮከብ እዚያ አጠገብ ናት። ምክሩ ለጀርመን ሰው ልክ ነው፤ እዚያ ኮከቧ 50 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብላ ትታያለች። አዲስ አበባ ላይ ግን ከአድማስ በላይ ያላት ከፍታ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። የሰማይ ዋልታ ከፍታ ከቆምንበት ኬክሮስ ጋር እኩል ስለሆነ ማምለጫ የለውም፤ ባሕር ዳር ብንሄድ 11 ተኩል፣ መቀሌ 13 ተኩል ነው። ደግሞ በዚህ ከተማ ሰሜን ማለት እንጦጦ ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ ቴሌስኮፕ የሚዘረጋ ሰው ተራራው፣ ባሕር ዛፉ፣ የማታው ጭስና የጎረቤት ፎቅ ተደራርበው ኮከቧን ጭራሽ ሊከልሉበት ይችላሉ።

ብትታይም ችግሩ አያልቅም። ያን ያህል ዝቅ ያለ ኮከብ ብርሃኑ በወፍራም አየር ውስጥ ሲያልፍ ስለሚታጠፍ፣ ከእውነተኛ ቦታው ጥቂት አርክ ደቂቃዎች (አንዱ የዲግሪ 1/60ኛ ነው) ከፍ ብሎ ይታያል። አንዳንድ ማውንት ደግሞ እስከ 9 ዲግሪ አይወርድም፤ ቢወርድም ካውንተርዌይቱ (ሚዛን መጠበቂያው ክብደት) ከትራይፖዱ እግር ጋር ይጋጫል። ማውንት ልትገዙ ከሆነ ከዋጋው በፊት ዝቅተኛውን የኬክሮስ ገደብ ጠይቁ።

ለዚህ ነው እኔ ለአገራችን ሰማይ ድሪፍት የሚባለውን፣ የኮከብን መንሸራተት እያዩ ማውንቱን የማረም ዘዴ አጥብቄ የምመክረው። የሰሜን ኮከብን ማየት አያስፈልገውም። ትራይፖዱን በውሃ ልክ ታስተካክላላችሁ፣ በኮምፓስ ወደ ሰሜን ታዞራላችሁ (ስልኩን ከብረቱ ራቅ አድርጋችሁ ያዙት፣ አለበለዚያ ይዋሻችኋል)፣ ከፍታውን 9 ላይ ታደርጋላችሁ። ከዚያ ከሰማይ ወገብ (በምድር ወገብ ትይዩ ካለው የሰማይ መስመር) አጠገብ ያለ፣ ደቡብና ሰሜንን በሚያገናኘው መስመር ላይ የደረሰ ኮከብ ትመርጣላችሁ። በታኅሣሥ እኩለ ሌሊት አካባቢ የኦሪዮን መቀነት አናታችን ላይ ነው፤ ከሦስቱ አንዷ ሚንታካ ከሰማይ ወገብ የምትርቀው 0.3 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ከእሷ የተሻለ አይገኝም። ኮከቧ ቀስ እያለች ወደ ደቡብ ከተንሸራተተች ማውንቱ ከዋልታው ወደ ምሥራቅ ዞሯል ማለት ነው፣ ወደ ሰሜን ከሆነ ወደ ምዕራብ። ቀጥሎ በምሥራቅ በኩል ዝቅ ያለ ኮከብ ትይዛላችሁ። ይኼኛው ወደ ደቡብ ከሄደ የማውንቱ ከፍታ አንሷል፣ ወደ ሰሜን ከሄደ በዝቷል። ብሎኑን በትንሽ በትንሹ ነው፣ አትቸኩሉ።

ፒኤችዲ2 የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ለዚህ የራሱ መሣሪያ አለው። የዴክሊኔሽን (የሰሜን-ደቡብ) እርማቱን ያጠፋና መንሸራተቱን በመስመር ያሳያችኋል፤ መስመሩ ጋደም ሲል ደርሳችኋል። ላፕቶፕና ሞተር ያለው ማውንት ያለው ሰው ደግሞ ኒና በተባለው የሰማይ ፎቶ ሶፍትዌር ላይ ባለ ሦስት ነጥብ አላይመንት የሚሠራ ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) መጫን ይችላል። በሦስት አቅጣጫ ፎቶ አንስቶ፣ ኮከቦቹን ለይቶ፣ ስህተቱን በቁጥር ይነግራችኋል፤ ዋልታው ቢጋረድም ግድ የለውም። ይህ በጣም ያፈጥናል።

«ኦቶጋይዲንግ ካለኝ ለምን እደክማለሁ?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ኦቶጋይዲንግ ማለት ሌላ ካሜራ አንድ ኮከብ (ጋይድ ኮከቧን) እየተከታተለ ማውንቱን በራሱ ሲያርም ነው። ቁጥሩን እንየው። አላይመንታችሁ በ5 አርክ ደቂቃ ቢሳሳት ኮከብ በየደቂቃው እስከ 1.3 አርክ ሰከንድ (አንዱ የአርክ ደቂቃ 1/60ኛ ነው) ይንሸራተታል። 400 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕና 3.76 ማይክሮን ፒክስል ያለው ካሜራ ላይ አንድ ፒክስል 1.94 አርክ ሰከንድ ስለሆነ፣ ያለ ጋይዲንግ በ5 ደቂቃ ፎቶ ላይ ኮከቦቹ ከ3 ፒክስል በላይ ይጎተታሉ። ጋይዲንግ ይህን መንሸራተት ይመልሳል፣ እውነት ነው። የማይመልሰው የምስሉን መዞር ነው። ስህተቱ ሲተልቅ ፎቶው ጋይድ ኮከቧን ማዕከል አድርጎ ይሽከረከራል፤ እሷ ክብ ሆና ትቀራለች፣ ከእሷ የራቁት የጥግ ኮከቦች ግን ቅስት ይሆናሉ። ይህን ደግሞ ምንም ሴቲንግ አያድነውም።

የጋይዲንግ እውነተኛ ሥራ የማውንቱን የጥርስ ስህተት ማረም ነው። ኢኪው6 በተባለው ማውንት ላይ የዎርሙ (ጥርሱን የሚያዞረው ጠመዝማዛ ዘንግ) አንድ ዙር 8 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ ስህተቱም በየዙሩ ይደጋገማል። ካሊብሬሽኑን፣ ማለትም ሶፍትዌሩ ማውንቱ ሲዞር ኮከቡ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ የሚለካበትን ሥራ፣ ከሰማይ ወገብ አጠገብ፣ ከፍ ባለ ኮከብ ላይ ሥሩ። ወደ ሰሜን ዝቅ ብሎ ያለ ኮከብ ላይ አትሞክሩት፤ ዋልታው አጠገብ ማውንቱ ብዙ ዞሮም ኮከቡ እምብዛም ስለማይንቀሳቀስ ልኬቱ ይበላሻል። የጋይድ ካሜራውን ኤክስፖዠር (አንድ ፎቶ ለማንሳት የሚወስደውን ጊዜ) ከ2 እስከ 3 ሰከንድ አድርጉት። ከዚያ ካጠረ ሶፍትዌሩ የአየሩን መንቀጥቀጥ እያሳደደ ማውንቱን ያወዛውዘዋል።

ይህ ሁሉ ልፋት ግን ይከፍላል፣ ምክንያቱም እዚህ ሆነን የሰማይን ሁለቱንም ጎን እናገኛለን። አውሮፓ ያለ ሰው ከቤቱ የማያየው ካሪና ኔቡላ (የጋዝ ደመና) በመጋቢት እኩለ ሌሊት ሳይሞላ 21 ዲግሪ ገደማ ላይ ይደርስልናል፣ ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባለው የከዋክብት ክምችት ደግሞ ከእኩለ ሌሊት በኋላ 34 ዲግሪ ገደማ። ለካሪና ደቡቡ የተከፈተ ቦታ ምረጡ። ዝቅታ ላይ አየሩ ስለሚረብሽ የጋይድ ኤክስፖዠሩን ወደ 3 ወይም 4 ሰከንድ አርዝሙ፣ የእርማቱን ጉልበት ቀንሱ፣ ዋናውን ፎቶም ከ5 ደቂቃ ይልቅ በ2 ደቂቃ እየቆረጣችሁ ብዙ አንሱ።