«ኖርማል ነው» እየተባልኩ የከረምኩበት ኩላሊት

ስኳር ከያዘኝ 9 ዓመቴ ነው፤ ግፊቱ በኋላ ተጨመረ። ቀጠሮ አልዘልም፣ ሜትፎርሚኔንም አላቋርጥም። የኩላሊት ጣጣ ክትትላቸውን ለሚተዉ ሰዎች ይመስለኝ ነበር።

ኩላሊቴን በየዓመቱ «ያዩልኛል»። የሚያዩት ግን ክሬቲኒን ብቻ ነው፤ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጠራቀም ቆሻሻ ነው። ሐኪሙ ወረቀቱን ገለጥ አድርጎ «ማዘር፣ ኖርማል ነው» ይለኛል፤ እኔም ተመስገን ብዬ ወረቀቱን ፌስታሌ ውስጥ እከታለሁ።

አምና ነርስ የሆነችው የእህቴ ልጅ ያንን ፌስታል አልጋ ላይ ዘረገፈችው። ወረቀቶቹን በየዓመታቸው ደረደረች፦ 0.7፣ 0.8፣ 0.9፣ 1.1። «አክስቴ፣ ይሄ እኮ እየወጣ ነው!» ላብራቶሪው እስከ 1.2 ደህና ስለሚል አንዱም ላይ ምልክት የለም። ዕድሜዬን ጨምራ በስልኳ አሰላችው። ለ58 ዓመት ሴት 1.1 ማለት የኩላሊት የማጣራት አቅም 58 ገደማ ነው። ከ60 በታች ሆኖ ሦስት ወር ከቆየ የኩላሊት ሕመም ይባላል። ኩላሊት ግማሽ አቅሙን እስኪያጣ ክሬቲኒን ኖርማል ሊመስል እንደሚችል ስትነግረኝማ ደሜ ፈላ። ታዲያ ለምን እሱን ብቻ ያያሉ?

የሽንት አልቡሚን (ኩላሊት ሲጎዳ ወደ ሽንት የሚያመልጥ ፕሮቲን) ይለካልኝ ብዬ ክትትሌ ጋ ስሄድ «ፕሮቲንሽ ኔጌቲቭ ነው እኮ» አሉኝ። ያ ሽንት ውስጥ የሚነከረው ቁራጭ ወረቀት ግን ገና ሲጀምር የሚወጣውን ጥቂት አልቡሚን ሊስተው ይችላል። ሁለት ቀን ተመላልሼ፣ «ማን ነው የነገረሽ?» ተብዬ፣ አጻፍኩ። የጠዋት ሽንቴን ግል ላብራቶሪ ወሰድኩ፤ 140 መጣ። ከ30 በታች መሆን ነበረበት። ትኩሳትና ኢንፌክሽንም ከፍ ያደርገዋል ስለሚባል ከሦስት ወር በኋላ አስደገምኩት። ያው ነው።

በራሴም እናደዳለሁ። ለጉልበቴ ስንት ዓመት ሙሉ ዲክሎፍናክ ከፋርማሲ እየገዛሁ ስውጥ ለሐኪም ትንፍሽ አላልኩም። ስኳርና ግፊት ላለበት ኩላሊት እሱ እሳት ላይ ቤንዚን ነው።

አሁን ዲክሎፍናኩ ቀርቷል፣ ኩላሊትንም የሚጠብቀው የግፊት መድኃኒት ኢናላፕሪል ተጀምሮልኛል፤ አልቡሚኑም ወደ 70 ወርዷል። «ውሃ በደንብ ጠጪ» የሚለው ምክር ብቻውን ምንም አላደረገልኝም። ምርመራው በዓመት አንዴ ይበቃል ይላሉ፤ እኔ በየ6 ወሩ ካልተጻፈልኝ ከወንበሩ አልነሳም።

መድኃኒቱ ፖታሲየም ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል እሱም ይታያል። ባለፈው ቀጠሮ አዲስ የመጣው ሐኪም ውጤቱን አይቶ «ኖርማል ነው» አለኝ።

«ስንት?» አልኩት።