ከስምንተኛው ሺህ ማግስት

ትናንት ማታ ከእናቴ ጋር ሆነን «ዌን ዘ ዊንድ ብሎውስ» የተባለውን የእንግሊዞች አኒሜሽን አየን። በእ.ኤ.አ. 1986 የወጣ ነው። እኔ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሁልጊዜ ግን ብቻዬን ነበር። ከእሷ ጋር ሳየው ሌላ ፊልም ሆነብኝ። እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ተነስቼ ይህን እጽፋለሁ።

ጂም እና ሂልዳ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው። ገጠር ውስጥ፣ ከመንደር ራቅ ባለች ትንሽ ቤት ይኖራሉ። ጦርነት ሊነሳ ነው ሲባል ጂም መንግሥት ያሳተመውን መመሪያ ከቤተ መጻሕፍት ይዞ ይመጣል። በሮቹን ነቅለህ ግድግዳው ላይ በ60 ዲግሪ አስደግፍ፣ ከሥሩ ግባ፣ መስኮቱን ነጭ ቀለም ቀባ ይላል። ይህ የደራሲ ፈጠራ ብቻ አይደለም፤ የእንግሊዝ መንግሥት በ1980 እንዲህ ዓይነት መመሪያ በእርግጥ አሳትሟል። ጂም የተባለውን ሁሉ አንድ በአንድ ይፈጽማል። በሬዲዮ ሦስት ደቂቃ ቀርቷል ሲባል ሂልዳ የምታስበው ምድጃ ውስጥ ስላለው ኬክ ነው። እናቴ እዚህ ላይ ሳቀች። «እውነቷን ነው፤ ይቃጠልባታላ!» አለች።

ከኑክሌር ቦምቡ ፍንዳታ በኋላ ቧንቧው ይደርቃል። ዝናብ ሲመጣ ባልና ሚስቱ ደስ ብሏቸው ዕቃ እያወጡ ያጠራቅማሉ። ዝናቡ መርዝ እንደሆነ ቀደም ብዬ ለእናቴ ነግሬያት ስለነበር ከተቀመጠችበት ብድግ አለች።

«ይሄን ሊጠጡት ነው? ሰው የለም የሚነግራቸው?»

«አፍልተው ነው የሚጠጡት፣ እማዬ።»

«ቢያፈሉትስ!»

ከዚያ በኋላ ብዙም አላወራችም። የሂልዳ ድድ ሲደማ፣ ፀጉሯ ሲረግፍ፣ ጂም መንግሥት መጥቶ ያነሳናል እያለ ሲያጽናናት ዝም ብላ አየች። ሲያልቅ ግን እኔ ስንት ጊዜ አይቼው ያላስተዋልኩትን ነገር ተናገረች። «ቤቱ እውነተኛ ነው፤ ሰዎቹ ግን ሥዕል ናቸው» አለች። ልክ ናት። ዳይሬክተሩ ጂሚ ሙራካሚ ቤቱንና ዕቃውን በእጅ በተሠራ ሞዴል ቀርጾ፣ ሰዎቹን ብቻ ነው በሥዕል ያስገባቸው። ሙራካሚ ጃፓናዊ ዝርያ ያለው አሜሪካዊ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ገና ልጅ ሳለ በዘሩ ምክንያት ከቤተሰቡ ጋር ካሊፎርኒያ ውስጥ በቱል ሌክ ካምፕ ታስሯል። መንግሥትን አምኖ የሚጠብቅ ተራ ሰው ምን ሊደርስበት እንደሚችል ከመጽሐፍ የተማረው አይመስለኝም።

ፈረንጆች ሰማንያዎቹ በሚሉት ዘመን የተሠሩ፣ ዓለም ካለቀች በኋላ ያለውን ኑሮ የሚያሳዩ ፊልሞችን ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ። ለምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቀኝ ጥሩ መልስ ኖሮኝ አያውቅም። እኛ ስለ ስምንተኛው ሺህ እየሰማን ነው ያደግነው። ትልልቆቹ ሲያወሩ ግን ምልክቱንና ፍጻሜውን ይነግሩናል እንጂ በማግስቱ ጠዋት ማን ውሃ እንደሚቀዳ አይነግሩንም። እኔ የምፈልገው ያንን ጠዋት ነበር።

መጀመሪያ ያገኘሁት ደሴ፣ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። የዐሥር ዓመት ልጅ እያለሁ። በሩ ላይ ብርድ ልብስ የተጋረደበት፣ አግዳሚው ላይ ተጣበን የምንቀመጥበት ጠባብ ክፍል ነበር። የሚታየው «ዘ ተርሚኔተር» ነው፤ የ1984 ሥራ። ልጆቹ ሁሉ የመጡት ለአርኖልድ ነበር፤ እኔም ለእሱ ነበር የሄድኩት። ይዤ የወጣሁት ግን ሌላ ነገር ነው። ከ2029 የመጣው ወታደር ያለፈበትን ሲያስታውስ ለጥቂት ደቂቃ የወደፊቷን ሎስ አንጀለስ እናያለን። ማሽኖቹ የራስ ቅል እየደፈጠጡ ይሄዳሉ። ሰው ከመሬት በታች ተደብቋል፤ መግቢያው ላይ ውሾች እያሸተቱ ሰውን ከማሽን ይለያሉ። ከዚያ ሁለት ሕፃናት ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ፊታቸው ላይ ብርሃን ይጫወታል። ካሜራው ዞር ሲል ቴሌቪዥኑ ባዶ ቀፎ ነው፤ ውስጡ እሳት ተቀጣጥሎ እሱን እየሞቁ ነው።

እኔም በዚያች ሰዓት በጨለማ ክፍል ውስጥ የቴሌቪዥን ብርሃን ፊቴ ላይ እየተጫወተ ነበር። የፊልሙን መጨረሻ በደንብ አላስታውስም ነበር፤ ያንን ቀፎ ግን ለዓመታት አልረሳሁትም።

«ማድ ማክስ 2»ን ያየሁት ብዙ ቆይቼ ነው። በ1981 አውስትራሊያ ውስጥ ብሮከን ሂል አካባቢ፣ ቀይ አፈር ላይ የተቀረጸ ነው። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሚለር ሐኪም ነበር፤ ድንገተኛ ክፍል ሲሠራ በመኪና አደጋ የተጎዱ ሰዎችን አክሟል። ለዚህ ይመስለኛል በፊልሙ ውስጥ ብረት ከሥጋ ጋር ሲጋጭ ቀልድ የማይሆነው። ሰዉ የሚተላለቀው ለቤንዚን ነው። የመጀመሪያውን «ማድ ማክስ» አብሮት የጻፈው ጋዜጠኛ ጄምስ ማካውስላንድ ሐሳቡ ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ እንደመጣ ጽፏል፤ በዚያ ጊዜ አውስትራሊያውያን በነዳጅ ሰልፍ ላይ ይደባደቡ ነበር። ይህን ሳነብ ወደ አእምሮዬ የመጣው አዲስ አበባ ነው። ያው የነዳጅ ዋጋ ንረት እኛም ጋ ደርሶ፣ በእኛ አቆጣጠር በየካቲት 1966፣ የታክሲ ሾፌሮች ሥራ አቆሙ፤ አብዮቱም ከዚያ ተያያዘ። እነሱ ከዚያ ቀውስ ፊልም ወለዱ፤ እኛ ሥርዓት ተገለበጠብን። ማክስ አንዲት ቆርቆሮ የውሻ ምግብ ከፍቶ በልቶ፣ የተረፈውን ለውሻው ሲሰጥ፣ አጠገቡ የታሰረው ሰውዬ በጉጉት ሲያይ የሚታይበት ቦታ አለ። ከመኪናው ውድድር ሁሉ ይልቅ እኔ የምወደው እሱን ነው። ማን ቀድሞ ይበላል የሚለው ጥያቄ ያለ አንድ ቃል ተነግሯል።

ስለ «አኪራ» ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። በ1988 የወጣ የጃፓናዊው የካትሱሂሮ ኦቶሞ አኒሜሽን ነው፤ ሥዕሉ ላይ የፈሰሰው ድካም ያስደነግጣል፤ ቶኪዮን የሚውጠው ድምፅ አልባ ነጭ ብርሃንም ከሁሉ በላይ ያስፈራኛል። አከብረዋለሁ እንጂ አልመለስበትም። በ1983 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየውን፣ ስለ ኑክሌር ጦርነት የሚያወራውን «ዘ ዴይ አፍተር»ንም እንዲሁ። መቶ ሚሊዮን ያህል ሰው በአንድ ሌሊት አይቶታል፤ ፕሬዚዳንት ሬገንም ፊልሙ በጣም እንዳሳዘናቸው በማስታወሻቸው ጽፈዋል። የሶቪየቱ «የሙት ሰው ደብዳቤዎች» ግን ከውስጤ አይወጣም። ቼርኖቢል በፈነዳበት ዓመት በ1986 ነው ለሕዝብ የቀረበው። በሙዚየም ምድር ቤት የተጠለሉ ሽማግሌ ምሁር ለጠፋ ልጃቸው ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ ልጁ እንደማያነበው እያወቁ። በመጨረሻ መናገር ላቆሙ ሕፃናት ከውዳቂ ነገር የገና ዛፍ ሠርተው ሻማ ይሰቅሉበታል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። «ትሬድስ» በቢቢሲ የተላለፈው እ.ኤ.አ. መስከረም 23 ቀን 1984 ነው። ሼፊልድ በምትባል የብረት ፋብሪካ ከተማ ላይ ቦምብ ይወድቃል፤ ፊልሙ ግን እዚያ አያቆምም፤ የተረፉትን ሰዎች ከዐሥር ዓመት በላይ ይከተላቸዋል። ሰማዩ በጥቀርሻ ጠቁሮ እህል አይበቅልም። ገንዘብ ዋጋ ያጣል፤ መገበያያው ምግብ ይሆናል። ወጣቷ ሩት እርሻ ላይ ስትቆፍር ትታያለች፤ በዕድሜ ሳይሆን በኑሮ አርጅታ፣ ዓይኗ ነጭ ለብሶ ትሞታለች። ብዙ ተመልካች በፍርሃት እንቅልፍ አጥቷል ይባላል። እኔ መጀመሪያ ሳየው ፍርሃት አልነበረም የተሰማኝ፤ የማውቀውን ነገር በሰው አገር ያገኘሁ መሰለኝ።

ቀኖቹን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሳቸው ነው የገባኝ። «ትሬድስ» የታየው መስከረም 13 ቀን 1977 ነው። ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977፣ በዚያው በቢቢሲ ጋዜጠኛው ማይክል ቡርክ ከኮረም ያመጣው የረሃብ ዜና ተላለፈ፤ ምስሉን የቀረጸው መሐመድ አሚን ነው። እንግሊዞች ሊመጣ ይችላል ብለው የፈሩትን በፊልም ባዩ በሠላሳኛው ቀን፣ በዚያው መስኮት፣ የደረሰውን አዩ። ቦምብ አልወደቀም፤ ዝናብ ነው የቀረው፤ ጦርነቱ መንገዱን ዘጋው፤ ሥልጣን ላይ የነበሩት ደግሞ የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በማክበር ተጠምደው ነበር። ብርድ ልብስ ተከናንቦ በጭጋግ ውስጥ የተቀመጠው ያ ሁሉ ሰው የፊልም አጃቢ አይደለም። እናቴ እዚያ ነበረች። እኔም በጀርባዋ ላይ የሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ስለዚያ ጊዜ አታወራም። «በሰባ ሰባት» ብላ ትጀምርና ወደ ሌላ ነገር ትሄዳለች። እኔም አልጠይቃትም። ምናልባት ፊልሞቹን የምጠይቃቸው እሷን ስላልጠየቅኩ ነው።

ከሁሉም የምወደው የጃፓናዊው ዳይሬክተር የሐያኦ ሚያዛኪ አኒሜሽን «ናውሲካ» ነው። መጋቢት 1984 ጃፓን ውስጥ ወጣ፤ የጂብሊ ስቱዲዮ ገና ሳይመሠረት። የሰው ልጅ በሰባት ቀን እሳት ራሱን ካጠፋ ሺህ ዓመት አልፏል። መርዝ የሚተነፍስ ደን ምድርን እየዋጠ ነው፤ ጭንብል ያላደረገ ሰው በአምስት ደቂቃ ሳንባው ይበሰብሳል። ደኑን ኦሙ የሚባሉ ግዙፍ ነፍሳት ይጠብቁታል። ነገሥታቱ ሁሉ አንድ ሐሳብ ነው ያላቸው፦ ደኑን አቃጥለን ነፍሳቱን እንፍጅ። በነፋስ የምትበረው ወጣት ልዕልት ናውሲካ ግን በግንቡ ምድር ቤት የደኑን ተክሎች ደብቃ በንጹሕ የጉድጓድ ውሃና በንጹሕ አፈር ታሳድጋለች። ተክሎቹ መርዝ አያወጡም። መርዙ ከአፈሩ ነው፤ አፈሩን ደግሞ የመረዘው ሰው ነው። ደኑ የሚሠራው መርዙን ከመሬት እየመጠጠ ማጽዳት ነው፤ ከሥሩም ንጹሕ አሸዋና ንጹሕ ውሃ አለ። ጠላት የተባለው አስታማሚ ሆኖ ተገኘ። ሚያዛኪ ይህን ሲያስብ ጃፓን ውስጥ ያለው የሚናማታ ባሕረ ሰላጤ ነገር በልቡ ነበር። ባሕሩ በሜርኩሪ ስለተበከለ ሰዉ ዓሣ ማጥመድ ሲያቆም፣ ዓሣው ተመልሶ መብዛት ጀምሮ ነበር።

እኔ ይህን ለማመን ጃፓን መሄድ አላስፈለገኝም። በወሎ ተራሮች ላይ አጥንቱ የወጣ መሬት ከብት እንዳይገባበት ከልለው ለጥቂት ዓመት ሲተዉት ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። መጀመሪያ ሣሩ፣ ቀጥሎ ቁጥቋጦው፣ ከዚያ ከሥር ደርቆ የነበረው ምንጭ።

«ናውሲካ»ን አሜሪካ የወሰዱት ሰዎች ግን ከፊልሙ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆርጠው፣ ስሙን ለውጠው በ1985 አወጡት። ከተቆረጠው ውስጥ የናውሲካ ምስጢራዊ የተክል ክፍል አለበት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እናደዳለሁ። ልቡን አውጥተው ሬሳውን ነው የሸጡት።

ባለፈው ሳምንት ለእናቴ አሳይቻት ነበር፤ እየተረጎምኩላት። አንድ ሽማግሌ ለጠላት ልዕልት እጃቸውን የሚያሳዩበት ቦታ አለ። እጁ በደኑ በሽታ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። ልዕልታችን ግን ይህን እጅ ትወደዋለች፣ የሠራተኛ እጅ ነው ትላለች ይላሉ። እናቴ የራሷን እጅ ገልበጥ አድርጋ አየች። ምንም አላለችም።

ትናንት ማታ የጂምና የሂልዳ ፊልም አልቆ ቴሌቪዥኑን ካጠፋሁ በኋላ ግን ሳልጠይቃት ጀመረች።

«እናቴ ለዘር ያስቀመጠችው ማሽላ ነበር። ጎተራው ሲራቆት እሷን ብቻ በመቀነቷ ጫፍ ቋጠረቻት። ከቆቦ እስከ ኮረም ስንሄድ አላስነካችንም። ዝናብ ሲመጣ በምን ልንዘራ ነው እያለች።»

«ከዚያስ፣ እማዬ?»

«ከዚያማ አንተ ታመምክ። ዓይንህ ሲከዳን ፈታችው። ቆላችውና አላመጠችው፤ አላምጣ አላምጣ አጎረሰችህ።»

አያቴን አላስታውሳትም። ከኮረም አልተመለሰችም። ዘሩን ያላመጠችው ለእኔ እንደሆነ እስከ ትናንት አላውቅም ነበር። ምን እንደምል ጠፍቶኝ ቁጭ አልኩ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

«ነገ ደግሞ ያችን በነፋስ የምትበረውን ልጅ አድርግልኝ፣ ሆዴ።»