ድስትም ሒሳብ ይጠይቃል፦ የማያ ንባቤ የደረሰበት

ወደ ማያዎች (የመካከለኛው አሜሪካ ነባር ሕዝቦች) ጥበብ የገባሁት እንደ ብዙዎቻችሁ «አንተ ሌላው እኔ ነህ» በሚለው አባባል በኩል ነው። አባባሉን በሰፊው ያስተዋወቀው የሜክሲኮ ዝርያ ያለው አሜሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት ሉዊስ ቫልዴዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 በግጥሙ አስገብቶት። ውብ ነው፤ ግን ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ወደ ቆየው ተሻገርኩ፤ ከማያ ሕዝቦች አንዱ ወደሆኑት ወደ ጓቲማላ ቂቼዎች የአፈጣጠር መጽሐፍ፣ ወደ ፖፖል ቩህ። በ18ኛው መቶ ዘመን መባቻ ፍራንሲስኮ ሂሜኔዝ የተባለ ቄስ በቺቺካስቴናንጎ ገልብጦ ባያቆየው ኖሮ ዛሬ አናነበውም ነበር።

ከሁሉ የያዘኝ የእንጨት ሰዎቹ ታሪክ ነው። አማልክቱ መጀመሪያ ሰውን ከጭቃ ሠሩት፤ ሟሟባቸው። ቀጥለው ወንዱን ጺቴ ከሚባል ዛፍ ጠረቡት። እነዚህኞቹ ይናገራሉ፣ ይወልዳሉ፣ ቤት ይሠራሉ፤ ልብ ግን የላቸውም፣ የሠሯቸውንም አያስታውሱም። ጎርፍ ተላከባቸው። ጎርፍ የብዙ ሕዝብ ተረት ውስጥ አለ፤ የቂቼዎቹ ልዩ የሚሆነው ዕቃው ሁሉ አፍ አውጥቶ ሲከሳቸው ነው። ውሾቹ ምግብ ተነፍጓቸው በዱላ መባረራቸውን ያነሣሉ። ወፍጮውና መጁ ዕለት ዕለት ፊታቸው ላይ ሲፈጭ መኖሩን ቆጥረው፣ ተራው የእኛ ነው ይላሉ። ድስቱ ጥላሸቱንና ቃጠሎውን ያወራርዳል። ጉልቾቹ ከእሳቱ ተነሥተው ራስ ራሳቸውን ይፈነክቷቸዋል። ጣራ ላይ ሲወጡ ቤቱ ይፈርሳል፣ ዛፍ ላይ ሲወጡ ዛፉ ያራግፋቸዋል፣ ዋሻውም በሩን ይዘጋባቸዋል። የተረፉት ዝንጀሮ ሆኑ ይባላል። መጅ ይዞ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ እጁን ሰብሰብ ማድረጉ አይቀርም።

ከዚያ በኋላ ነው ሽሙቃኔ የተባለችው አያት ነጭና ቢጫ በቆሎ ዘጠኝ ጊዜ ፈጭታ የእኛ ሥጋ የተሠራው።

አሁን ያለሁት ቀን ቆጠራው ላይ ነው። ቾልቂኽ ይሉታል፤ 13 ቁጥሮችና 20 የቀን ስሞች እየተጣመሩ 260 ቀን ይሞላሉ። ቀን ቆጣሪዎቹ፣ ማለትም በዚህ ቆጠራ እየጠነቆሉ ሰው የሚመክሩት፣ ከእርግዝና ዘመን ጋር ያያይዙታል። ሃያውን ስም በቃል ይዣለሁ፤ ስይዝ ያስተዋልኩት ቅደም ተከተላቸውን ነው። ቃኒል የዘርና የበቆሎ ቀን ነው፤ በማግሥቱ የሚውለው ቶኽ ደግሞ ዕዳ የሚከፈልበት። እህሉ እጅህ ከገባ አንድ ሌሊት ብቻ አድረህ ትከፍላለህ ማለት ነው። የማያዎቹ ትስስር ከመተቃቀፍ ይልቅ ለሒሳብ የቀረበ ሆኖ ያገኘሁት ከዚህ ነው፤ ለእኔ ይህ ከቫልዴዝ ግጥም የበለጠ ይመዝናል። በጓቲማላዋ ሞሞስቴናንጎ ከተማ ቀን ቆጣሪ ዘንድ ታሞ የሚሄድ ሰውም ቢሆን ስለ ሰውነቱ ብቻ አይጠየቅም፤ በቤቱ ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ከሙታኑ የትኛውን እንደበደለ ይመረመራል።

ለጥንቆላው ቆጠራው የሚሠራው የእንጨት ሰው በተጠረበበት በዚያው በጺቴ ዛፍ ቀይ ፍሬ ነው። አንድ እፍኝ ይዘገናል፣ በአራት በአራት ይከፈላል፣ ለእያንዳንዱ ክምችት አንድ ቀን ይቆጠራል። ጺቴ ከእኛ ኮርች ጋር የአንድ ወገን ዛፍ ስለሆነ ለልምምድ የኮርች ፍሬ እጠቀማለሁ። ፍሬው መርዝ አለበትና ልጆች ያሏችሁ ተጠንቀቁ።

ለጀማሪዎች አንድ ማበረታቻ፦ እንደ ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ ያሉት የቂቼ ድምፆች ፈረንጆቹን ሲያስጨንቁ እኛ ምላሳችን ላይ አሉ። በተለይ የሚያስቸግረው ሁለተኛው ቀ ነው፤ ከጉሮሮ ጠለቅ ብሎ ይወጣል፣ ገና አልጨበጥኩትም።

ቀጥዬ የማነበው ዋኽሻቂብ ባጽ ስለሚባለው ቀን ነው፤ በሞሞስቴናንጎ አዳዲስ ቀን ቆጣሪዎች ሥልጣን የሚቀበሉበት ነው። ጥሩው ጽሑፍ በስፓኒሽ ስለሚበዛ፣ ቋንቋውን የምታውቁ ካላችሁ አብረን ብናነበው ደስ ይለኛል።