ባለባርኔጣው አጎቴ

«አጎቴ ናቸው፤ ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳቸዋል።»

ይህች ዓረፍተ ነገር ከአፌ ከወጣች ወዲህ እንቅልፍ ነስታኛለች። ጥርሴን ስፍቅ ትመጣለች፣ ታክሲ ተሰልፌ ትመጣለች፣ ስብሰባ ላይ አለቃዬ ሲናገር ትመጣለች። ብቻዬን ስሆን ስትመጣ ደግሞ ድምፅ አውጥቼ «ኧረ ተው!» እላለሁ።

ቤቱ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ባለ አንድ መኝታ፣ አራተኛ ፎቅ። ዕጣው ሲወጣልኝ እልል የተባለለት፣ 5 ዓመት ሳይሞላ አይሸጥም የሚባለውን ጊዜ በትዕግሥት ያሳለፍኩበት ቤት። ልሸጠው ስነሣ ደላላው መጣና ሳሎኑ መሃል ቆሞ ከንፈሩን መጠጠ። «ቤቱ ጥሩ ነበር፤ ግን ጠባብ ይመስላል። እስቲ ትንሽ አሳምረው። ገዢ መጀመሪያ የሚገዛው በዓይኑ ነው» አለኝ። ለዚህ ምክር ከእኔ 2 በመቶ ይወስዳል። ከገዢውም 2 በመቶ ይወስዳል። ግድግዳ ያቆመ፣ ብሎኬት የተሸከመ ሰው ያን ያህል አይከፈለውም። ይሁን፣ ስለ ደላላ ከጀመርኩ አላቆምም።

ለማሳመሪያ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረኝ የተቀባው ሰው ከበር ሲገባ ፊት ለፊት የሚያየው ግድግዳ ብቻ ነው። የቀረውን መጋረጃ ሸፈነው። ሶፋው ከሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቴ በውሰት መጣ፤ «ማንም እንዳይቀመጥበት» ከሚል ማስጠንቀቂያ ጋር። ጀሪካኖቹ አልጋ ሥር ገቡ። መታጠቢያ ቤቱን የዘጋው ሰማያዊ በርሜል ግን አልነቃነቅም አለ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ የሞላ በርሜል የሚደፋ ሰው አይገኝም። ስለዚህ ነጭ ጨርቅ አለበስኩትና የፕላስቲክ አበባ አናቱ ላይ አስቀመጥኩ፤ ጠረጴዛ ነው እንግዲህ። የቀለሙን ሽታ ለመሸፈን ቡና ቆላሁ፣ ዕጣን አጨስኩ።

የቀረው ጥበቱ ነው። መስታወት ክፍል ያሰፋል ይባላል። ከሕንፃችን ሥር ያለው ፀጉር አስተካካይ ትርፍ የግድግዳ መስታወቱን አዋሰኝ። ሊፍት በሌለው ሕንፃ ትልቅ መስታወት ተሸክሞ አራት ፎቅ መውጣት ምን እንደሆነ የወጣ ያውቀዋል፤ በየደረጃው የገዛ ራስህን ስቃይ ፊት ለፊት እያየህ ነው የምትወጣው። ከታች በኩል በቀይ ቀለም «ዱቤ የለም» ተብሎ ተጽፎበታል፤ እሱንም በአበባ ከለልኩትና መስታወቱን ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ አቆምኩት። እውነትም ቤቱ እጥፍ ሆነ። ዋጋ ልጨምር ሁሉ አስቤ ነበር።

ገዢዋ ከአባቷ ጋር መጣች። ገና ከመግባታቸው መብራት ሄደ። መቼም ሌላ ጊዜ አይሄድም! ሴትዮዋ የስልኳን መብራት አብርታ በቀጥታ ወደ መታጠቢያ ቤት አመራች። ቧንቧውን ስትከፍተው «ሽሽሽ» የሚል አየር ብቻ ወጣ። እኔ ሰበብ ልደረድር አፌን ስከፍት፣ አባቷ ጋቢያቸውን አስተካክለው በጨለማው ኮሪደር ወደ ውስጥ ዘለቁ።

ድንገት ቆሙ። ባርኔጣቸውን አነሱና ጎንበስ አሉ። «ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋሉ?»

ከወዲያ ያሉት ሽማግሌም ባርኔጣቸውን አነሱ። እሳቸውም ጎንበስ አሉ።

የሴትዮዋ አባት በአክብሮት የሚበለጡ ሰው አይደሉም። ይበልጥ ጎንበስ አሉ። ያኛውም ይበልጥ ጎንበስ አሉ። «ኧረ በሞቴ ይቀመጡ፣ ለእኔ አይነሡም!» ያኛው እንዴት ብለው ይቀመጡ? «እሺ ይለፉ» ብለው ወደ ጎን ገለል ሲሉ፣ ያኛውም ወደዚያው ጎን ገለል አሉ። ወደ ሌላው ጎን ቢሉም ያው ነው። እንደገና ጎንበስ። ማን ቀድሞ ቀና ይበል? ሁለቱም የአባት ልጆች ናቸው፤ ባርኔጦቹ ወለል ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም።

እስቲ ፍረዱኝ። «አባባ፣ ይህ እኮ መስታወት ነው» ብሎ አንድን ትልቅ ሰው ልጃቸው በምትሰማበት ማሳፈር ይቻላል? እኔ እንደዚያ ተደርጌ አላደግኩም። ዝም ብል ደግሞ ወገባቸው ሊቀነጠስ ነው። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረው «ምነው ልጄ፣ ሰላምታዬን አይመልሱም፤ ያስቀየምኳቸው ነገር አለ?» ሲሉኝ ያቺ ዓረፍተ ነገር ወጣች።

«እንዲህ በለኛ!» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጤና! ይስጥልኝ! እንደምን! ዋሉ!» ደረጃው ሁሉ አስተጋባ። ሴትዮዋ ጩኸቱን ሰምታ ስትመጣ የስልኳ ብርሃን መስታወቱ ላይ አረፈ፣ ተመልሶም ዓይኔ ውስጥ ገባ። ከአበባው ሥር «ዱቤ የለም» ቁልጭ ብሎ ታየ።

አባቷን አየች። መስታወቱን አየች። እኔን ግን ቆየት ብላ አየችኝ። ከዚያ የአባቷን ክንድ ይዛ «አባዬ፣ በቃ እንሂድ፤ አጎታቸው ይረፉበት» አለች። እሳቸውም ለመጨረሻ ጊዜ እጅ ነሥተው ወጡ። በሩ ጋ ስንደርስ ወደ እኔ ጠጋ አለችና በሹክሹክታ፣ «አጎትዎ ከቤቱ ጋር አብረው ነው የሚተላለፉት ወይስ ዋጋቸው ለብቻ ነው?» አለችኝ።

ማታውን የሶፋዋ ባለቤት ብርቱካን በፌስታል ይዛ መጣች። ጩኸቱን ከታች ሰምታ ኖሯል አጎቴን ልትጠይቅ ነው። እንግዳ መምጣቱን ስላልነገርኳት ተቀይማለች፤ ተኝተዋል አልኳት። ብርቱካኑን በላሁት።

በማግሥቱ ደላላው ደወለ። ሽማግሌው ታች ሲወርዱ ሁሉንም አጫውተውታል።

«ወንድሜ፣ እንዴት ቤቱ ሰው እንዳለበት አትነግረኝም? አዛውንት የሚኖርበትን ቤት ማን ደፍሮ ይገዛል? ማስለቀቁ ከባድ ነው። ዋጋውን ዝቅ እናድርገው።»

«2 በመቶውስ?» አልኩት።

«እሱማ ያው ነው።»