ቤት ከመደወል በፊት

የቋንቋ መምህርቷ የቤት ሥራ ሲሰበስቡ አንዱ ደብተር እጃቸው ላይ ከበዳቸው። ገጾቹ ውሃ ጠጥተው ተጣብቀዋል፤ የእስክሪብቶው ሰማያዊ ቀለም ወርዶ ኅዳጉን አልብሶታል። ባለቤቱ የ13 ዓመት የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነው። «ከእጄ ወድቆ ነው» አለ። ከኋላ ወንበር ሳቅ ተሰማ። መምህርቷ ሳቁን እንዳልሰማ አላለፉትም። ደብተሩን ይዘው በዕረፍት ሰዓት ወደ ትምህርት ቤቱ አማካሪ ሄዱ። እስከዚህ ድረስ የተደረገው ሁሉ ትክክል ነበር።

ነገሩ ሲጣራ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ከስፖርት ክፍለ ጊዜ በኋላ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ አራት ልጆች «ሴታሴት» እያሉ ይከቡታል፤ ቦርሳውን መጸዳጃ ቤት ይጥሉበታል፤ ፎቶውን ከንፈር ቀለም ቀብተው በክፍሉ የቻት ግሩፕ ላይ ይለጥፋሉ። አማካሪው ልጆችን የሚወዱ፣ ልምድም ያላቸው ሰው ናቸው። በዚያው ቀን ሁለት ነገር አደረጉ። ሁለቱም በቅን ልቦና የተደረጉ ናቸው፤ ሁለቱም ልጁን ጎዱት።

የመጀመሪያው እርቅ ነው። ልጁንና የቡድኑን መሪ ፊት ለፊት አስቀምጠው፣ ሃያ ደቂቃ ያህል መክረው፣ «በሉ ይቅር ተባባሉ» ብለው አጨባበጧቸው። ልጁ እጁን የዘረጋው መዘርጋት ግዴታ ስለሆነበት ነው። ገና ከበሩ ሳይርቁ «ተናግረህ ምን አመጣህ?» የሚል ሹክሹክታ ተከተለው።

ሽምግልና የሚሠራው በኃይል እኩል የሆኑ ልጆች ሲጣሉ ነው። ስዊድን ተወልደው ኖርዌይ ውስጥ የሠሩት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳን ኦልቬዩስ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይህን ችግር ሲያጠኑ ጉልበተኝነትን ከተራ ጠብ የለዩት በሦስት ነገር ነው፦ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው፣ ይደጋገማል፣ በሁለቱ ወገን መካከል የኃይል ልዩነት አለ። ሦስተኛው ባለበት ቦታ ማስታረቅ ማለት ደካማውን በጠንካራው ፊት የደረሰበትን እንዲዘረዝር ማስገደድ ነው። አጥቂው ተጎጂውን የት ላይ እንደሚያመው ከራሱ ከተጎጂው አፍ ይሰማል። «ሁለታችሁም ጥፋት አለባችሁ» የሚል መልእክትም ሳይታሰብ አብሮ ይተላለፋል።

ትክክለኛው አካሄድ መለያየት ነው። መጀመሪያ ተጎጂው ብቻውን ይሰማል። ቀጥሎ አራቱ ልጆች አንድ በአንድ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ፣ በመሃል ሳይገናኙ ይጠየቃሉ፤ አለዚያ ወሬያቸውን አስማምተው ይመጣሉ። በመጨረሻ አይተው ዝም ያሉት ይጠየቃሉ። ጥያቄዎቹ አጫጭር ናቸው፦ የት? መቼ? ማን ነበረ? በትክክል ምን ተባለ? ስንተኛ ጊዜ ነው? ስድቡ እንደተባለው ይመዝገብ። «አጸያፊ ቃል ተናገሩት» ተብሎ የተጻፈ መዝገብ ከወር በኋላ ማንንም አይረዳም። የቻት ግሩፑ ምስል ቀኑና የለጠፈው አካውንት እንዲታይ ተደርጎ ይያዝ። ዕርቃን ያለበት ምስል ከሆነ ግን ማንም ሠራተኛ በስልኩ መቅዳትም ሆነ ለሌላ መላክ የለበትም፤ የልጁን ጉዳት ያበዛል፣ በብዙ ቦታም በሕግ ያስጠይቃል።

የማይጠየቅ ጥያቄ አንድ ነው፦ «እውነት ነው እንዴ?» ልጁ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ይሁን አይሁን፣ የተደረገበት ነገር ያው ነው። «ሴታሴት» ተብለው ከሚዋከቡት መካከል ስለራሳቸው ገና ምንም ያልወሰኑ አሉ፣ በጭራሽ ያልሆኑም አሉ። ትምህርት ቤቱ የሚያጣራው የድርጊቱን እውነትነት ነው። የልጁ ማንነት የምርመራው አካል አይደለም።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ የከፋ ነው። አማካሪው ማታ ቤት ደወሉ። «ልጅዎ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ነው እየተባለ ይሰደባል፤ እርስዎ የሚያውቁት ነገር አለ?» አሉ አባትየውን። በአንድ ዓረፍተ ነገር የልጁ ምሥጢር፣ ምናልባትም ለራሱ እንኳ ያልነገረው ነገር፣ ከእጁ ወጣ። ሌሊቱን ሙሉ ሲመረመር አደረ፤ ስልኩ ተወሰደ፤ ማለዳ ላይ አክስቱ ቤት ተላከ። ዘጠኝ የትምህርት ቀን ቀረ። ትምህርት ቤት ውስጥ የሚያሳድዱት አራት ነበሩ፤ ከዚያች ማታ ጀምሮ ቤቱም መሸሸጊያ መሆኑ ቀረ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ብዙ ደግ መምህራን የሚሳሳቱት እዚሁ ነው። ቤተሰብ መደወሉ አልነበረም ጥፋቱ፤ ወላጅ ልጁ እየተጎዳ መሆኑን ማወቅ አለበት። ጥፋቱ ድርጊቱን ትቶ «ምክንያቱን» መናገር ነው። እንዲህ ቢባል ኖሮ ምንም የሚጎድል ነገር አልነበረም፦ «ልጅዎ በክፍል ጓደኞቹ ተደጋጋሚ ስድብ ደርሶበታል፣ ንብረቱም ተበላሽቷል። ዛሬ ልጆቹን ለይተን አነጋግረናል፤ ልብስ መቀየሪያው ላይ መምህር መድበናል። ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና እንደውላለን።» ወላጅ «ለምን እሱን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት፦ «ለድርጊቱ ተጠያቂዎቹ ያደረጉት ልጆች ናቸው፤ እኛ የምንከታተለው ድርጊቱን ነው።»

ከመደወሉ በፊት ደግሞ ልጁ ራሱ ይጠየቃል። «ቤት መደወላችን አይቀርም። ምን እንበል? የትኛውን ቢሰሙ ያሰጋሃል? ማን ቢያነሳው ይሻልሃል?» ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ልጁ «አባቴ ከሰማ ያባርረኛል» ካለ፣ ያ መረጃ ራሱ የደኅንነት ጉዳይ ስለሆነ ለብቻው ይያዛል። በሌላ በኩል ሁሉንም ነገር በምሥጢር እጠብቃለሁ ብሎ ቃል መግባት አይገባም። ንግግሩ ሲጀመር «ሕይወትህ አደጋ ላይ ከሆነ ብቻዬን ልይዘው አልችልም፤ ለማን እንደምናገር ግን አስቀድሜ እነግርሃለሁ» ማለት ታማኝነት ነው። ልጁ ተስፋ የቆረጠ ከመሰለም ራስን ስለማጥፋት አስቦ እንደሆነ በግልጽ ቃል ይጠየቅ። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ ዝምታው ነው የሚያስፈራው።

ልጁ በአሥረኛው ቀን ተመለሰ። በመሃሉ ትምህርት ቤቱ የሠራው ሥራ መጠቀስ አለበት። መጀመሪያ የቀረበው ሐሳብ ልጁን ወደ ሌላ ክፍል ማዛወር ነበር። መምህርቷ ተቃወሙ፤ ልክ ነበሩ። የተበደለውን ማንሳት ቅጣቱን ለእሱ መስጠት ነው። ወንበራቸውና የስፖርት ምድባቸው የተቀየረው የአራቱ ልጆች ነው። ተማሪዎች ስም በሌለው ወረቀት ላይ የግቢውን ንድፍ ተሰጥቷቸው የሚፈሩትን ቦታ በቀይ እንዲያቀልሙ ተደረገ። መምህራኑ ሜዳውን ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ቀዩ ያረፈው ግን ልብስ መቀየሪያው፣ መጸዳጃ ቤቱና የኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው። የጥበቃ ተራው ወደዚያ ተዛወረ። ክፍለ ጊዜው ከማለቁ አምስት ደቂቃ ቀደም ብሎ አንድ ሰው እዚያ ይገኛል።

ኮሪደር ላይ ስድቡን የሰማ መምህር ምን ይበል የሚለው ላይ ብዙ ክርክር ነበር። አንዱ መምህር በቅንነት «ተዉት፣ እሱ እንደዚያ አይደለም» ብለው ያውቃሉ። ይህ መከላከል ይመስላል፤ ግን «ቢሆንማ ልክ ናችሁ» ማለት ነው። በዚያ ኮሪደር የሚያልፍ ሌላ ዝምተኛ ልጅ ካለ መልእክቱን በደንብ ይሰማል። የተስማሙበት አጭር ነው፦ ድርጊቱን በስሙ መጥራት፣ ደንቡን መናገር፣ ማሰናበት። «ያ ስድብ ነው። እዚህ ትምህርት ቤት ማንም በፆታ ዝንባሌው አይሰደብም። ወደ ክፍል።» ተጎጂውን በሰው ፊት ከቦ «ደህና ነህ?» ማለት አይገባም፤ ቆይቶ ለብቻው ይጠየቃል። ደንቡም በጽሑፍ የፆታ ዝንባሌንና የፆታ ማንነትን በስም መጥቀስ አለበት። «ሁሉም ተማሪ ይከበር» የሚል ደንብ ብቻ ሲኖር መምህሩ ይህኛው ስድብ ይካተት አይካተት እያለ ሲያመነታ ተሳዳቢው አልፎት ይሄዳል።

የሚያዩትን ልጆች መርሳት አይገባም። ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ በትምህርት ቤት ሜዳዎች በካሜራ ተቀርጾ እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት፣ ከጥቃቶቹ 88 በመቶ ላይ ሌሎች ልጆች ነበሩ፤ አንዱ ልጅ ጣልቃ ሲገባ 57 በመቶው በ10 ሴኮንድ ውስጥ ቆሟል። ስለዚህ ለክፍሉ «ጀግና ሁኑ» ብሎ መስበክ ሳይሆን ቀላል ነገር ማለማመድ ይጠቅማል፦ አለመሳቅ፣ ምስሉን አለማስተላለፍ፣ «ና እንሂድ» ብሎ ልጁን ይዞ መውጣት።

ዝም ማለት አዋቂዎቹንም ዋጋ ያስከፍላል። አሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ ጄሚ ናቦዝኒ የተባለ ተማሪ ለዓመታት ሲደበደብ ኃላፊዎቹ አልደረሱለትም። እ.ኤ.አ. በ1996 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ክሱ እንዲቀጥል ፈቀደ፤ በዚያው ዓመት ሦስት የትምህርት ቤት ኃላፊዎች ተጠያቂ ተብለው ጉዳዩ ከ900,000 ዶላር በላይ በሆነ ስምምነት አለቀ። ልጁ የከፈለውን ግን ገንዘብ አይመልሰውም።

ክትትሉ በሁለተኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ በሁለት ሳምንቱና በወሩ ነው። ጥቃቱ ብዙ ጊዜ አይቆምም፤ ድምፁን ቀንሶ ይመለሳል። በሁለተኛው ሳምንት ልጁ ሲጠየቅ «አሁን አይሰድቡኝም፤ ስገባ ግን ሁሉም ይነሳሉ» አለ። ያም ተመዘገበ፤ አራቱም እንደገና ለየብቻ ተጠሩ።

የአማካሪው ቅጽ ላይ «የጥቃቱ ምክንያት» የሚል ሳጥን ነበር። ራሳቸው አማካሪው ሰረዙት። በቦታው «ለቤተሰብ የሚነገረው ዓረፍተ ነገር፣ ተማሪው አንብቦ የተስማማበት» የሚል ሁለት መስመር ገባ፤ ከሥሩ የተማሪው ፊርማ።