ኦቶ ፊስተር እና የኬሺ ቡድን

ስለ ኦቶ ፊስተር አንድ ነገር ልጽፍ ካሰብኩ ቆየሁ። ስሙን ሰምታችሁ የማታውቁ ብዙ ትሆናላችሁ፣ አይፈረድባችሁም። ጀርመናዊ አሰልጣኝ ሲባል ለልጆቹ ትዝ የሚላቸው ክሎፕ ነው፣ ዕድሜ ጠገቡ ደግሞ ቤከንባወርን ይጠራል። ፊስተር ግን ስሙን የሠራው ከአገሩ ውጭ ነው፣ እሱም በአብዛኛው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ።

በ1937 ኮሎኝ ተወለደ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። በተጫዋችነቱ ብዙ የሚወራለት ሰው አይደለም፣ በስዊዘርላንድ ክለቦች ሲዘዋወር ኖረ። በ1972 ሩዋንዳ ሄደ፣ ከዚያ በኋላ እግሩ አላረፈም። ኦት ቮልታ፣ የዛሬዋ ቡርኪና ፋሶ ማለት ነው፣ ከዚያ ሴኔጋል፣ አይቮሪኮስት፣ ዛየር፣ ጋና። ቀጥሎ ባንግላዴሽ፣ ሳዑዲ አረቢያ፣ ቶጎ፣ ካሜሩን፣ ትሪኒዳድና ቶቤጎ። መሃል መሃል ላይ የግብፅና የቱኒዚያ ክለቦች አሉ፣ ጎረቤታችን ሱዳን፣ ኦምዱርማን ድረስ መጥቶም መሪክ የተባለውን ክለብ አሰልጥኗል። ሰማንያ ዓመት ገደማ ሆኖት ደግሞ የአፍጋኒስታንን ብሔራዊ ቡድን ያዘ። በዚህ ዕድሜው! የእኛ ሰፈር ሽማግሌዎች በዚያ ዕድሜ ከደጃፍ ወንበራቸው አይነሱም።

እንዲህ ዓይነት ኑሮ አንድ አስቂኝ ጣጣ አለው። የትም ብትሄድ የድሮ ቡድንህ ይጠብቅሃል። የ1992ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ውሰዱት። ፊስተር የጋና አሰልጣኝ ነው። ተጋጣሚው አይቮሪኮስት፣ የድሮ ቡድኑ። ጨዋታው ያለው ዳካር፣ እሱም የድሮ አገሩ። አምበሉ አቤዲ ፔሌ በግማሽ ፍጻሜው ባየው ቢጫ ካርድ ምክንያት ከሜዳ ውጭ ሆኗል፣ ጋና ያለ አቤዲ ደግሞ ምን እንደሆነች ያየ ያውቃታል። ዘጠና ደቂቃ፣ ጭማሪ ሰዓት፣ ግብ የለም። ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሄዱ። አምስት አምስት መቱ፣ አልለየላቸውም። ቀጠሉ። በረኞቹም ሳይቀሩ መቱ፣ ሁሉም ተጫዋች መትቶ አለቀና እንደገና ከመጀመሪያው ዞሩ። በመጨረሻ ኳሷን ያስቀመጠው አንቶኒ ባፎ ነበር፣ እንደ አሰልጣኙ ጀርመን የተወለደ ልጅ። ሳተ። 11 ለ 10። ፊስተር በዚያው ዓመት የአፍሪካ ምርጥ አሰልጣኝ ተባለ፣ ዋንጫው ግን ወደ አቢጃን ሄደ።

እኔ ከሥራው ሁሉ የምወድለት ግን ከዚያ በፊት የሆነውን ነው። በ1991 የጋናን ከ17 ዓመት በታች ልጆች ይዞ ጣሊያን ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ በፍጻሜው ስፔንን 1 ለ 0 አሸንፎ። የውድድሩ ኮከብ ኒ ላምፕቲ ነበር። ከታዳጊ ቡድን ላይ ቁጭ ብሎ መሥራት ክብርም ገንዘብም የሌለው ነገር ነው፣ ቢሆንም የሰውየው ትልቁ ዋንጫ የመጣው ከዚያ ነው።

አሁን ወደሚከነክነኝ ነገር ልምጣ።

በ1997 መጨረሻ ላይ ሳዑዲ አረቢያ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያው ሊያመልጣት ሲል ፊስተርን ጠራች። መጣ፣ አሳለፋቸው። ፈረንሳይ 98 ሲደርስስ? አሰናበቱትና ካርሎስ አልቤርቶ ፓሬራን አመጡ፣ ምክንያቱም ፓሬራ ከብራዚል ጋር ዋንጫ የበላ ትልቅ ስም ነው። ትልቁ ስም በዴንማርክ ተሸነፈ፣ በፈረንሳይ አራት ገባበት፣ ውድድሩ ሳያልቅ ተባረረ። ፊስተር ይህን ሲያይ ምን እንዳለ አላውቅም፣ እኔ ብሆን ግን ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ስምንት ዓመት አለፈ። ቶጎ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ አለፈች። ያሳለፋት ናይጄሪያዊው አሰልጣኝ ስቴፈን ኬሺ ነው። ሴኔጋልን የመሰለ ቡድን ከኋላው አስቀርቶ! በ2006 መጀመሪያ ግብፅ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ሦስቱንም የምድብ ጨዋታ ተሸነፈ፣ ከቡድኑ ኮከብ ከአዴባዮር ጋርም ተጣላ፣ አባረሩት። ወደ ጀርመኑ የዓለም ዋንጫ ይዞ እንዲሄድ ቡድኑ የተሰጠው ማን መሰላችሁ? ፊስተር። ብድር በምድር እንዳልል ከፋዩ ፓሬራ አይደለም፣ ኬሺ ነው።

ጥፋቱ የፊስተር ነው እያልኩ አይደለም። ሥራ ቀረበለት፣ ያዘ። እንዲያውም እዚያ ከገባ በኋላ ያደረገውን ወድጄለታለሁ። ፌዴሬሽኑና ተጫዋቾቹ በቦነስ ተጣሉ፣ እሱ ከደቡብ ኮሪያ ጋር ሊጫወቱ ሦስት ቀን ሲቀር ጥሎ ወጣ። ከዚያ ጨዋታው ሳይጀመር ተመለሰ! ካደር አግብቶ 1 ለ 0 መሩ፣ አምበሉ አባሎ በቀይ ወጣ፣ 2 ለ 1 ተሸነፉ። ለስዊዘርላንዱ ጨዋታ ደግሞ ተጫዋቾቹ ገንዘባችንን ካላየን አንሄድም ብለው ፊፋ መሃል ገብቶ ነው የተጫወቱት። የመጨረሻው ጨዋታ ከፈረንሳይ ጋር ነበር፣ ሜዳው ኮሎኝ፣ የተወለደባት ከተማ። ሰውየው አፍሪካ ውስጥ ሰላሳ ምናምን ዓመት ዞሮ ለዓለም ዋንጫ የገባው በገዛ አገሩ ነው። ቪዬራና ኦንሪ አገቡ፣ 2 ለ 0፣ ጨዋታው አለቀ።

ቢሆንም ያ ሜዳ የኬሺ ነበር። የብዙ አፍሪካ ፌዴሬሽኖች ነገር ይህ ነው፤ የአገር ልጅ ወይም የጎረቤት ልጅ ማጣሪያውን በጭቃ ላይ ተንፏቆ ያልፍላቸዋል፣ ካሜራ ሲበዛ ፈረንጅ ይፈለጋል። እኛም የምናውቀው ነው። ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያበቃን ሰውነት ቢሻው ነበር፣ እሱ ከሄደ በኋላ ደግሞ ፖርቱጋላዊ ተቀጠረ፣ እሱም ብዙ ሳይቆይ ተሰናበተ።

ኬሺን እኛ የምናስታውሰው በሌላ በኩል ነው። በ2013 ደቡብ አፍሪካ፣ ሩስተንበርግ ላይ ዋልያዎቹን ከምድብ ያስወጣው የእሱ ናይጄሪያ ነው። እስከ ሰማንያኛው ደቂቃ ድረስ ያለ ግብ ይዘናቸው ነበርኮ! ከዚያ ቪክቶር ሞሰስ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት። በሁለተኛው ሲሳይ ባንጫ በቀይ ወጣ፣ ቅያሪ ስላለቀ የሜዳ ተጫዋች ጓንት አጥልቆ በር ላይ ቆመ። በዚያው ዓመት ለዓለም ዋንጫ ጥሎ ማለፍ አዲስ አበባ መጥቶ 2 ለ 1 ረታን፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ደገመን። ያኔ ኬሺን ስረግም ነበር፣ የተረገመ ሰው ግን ሥራውን ያውቅ ነበር። ያንን የአፍሪካ ዋንጫ ሲበላ የፍጻሜዋን ግብ ያገባለት ሰንዴይ ምባ በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወት ልጅ ነበር። የተሸነፈውም ማን ነው? ቡርኪና ፋሶ፣ ያቺው የፊስተር ኦት ቮልታ። ኬሺ በ2016 አረፈ፣ ገና ሃምሳ አምስት እንኳን አልሞላውም ነበር።

ፊስተር ከቶጎ በኋላ ካሜሩንን ይዞ በ2008ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ጋና ላይ፣ አክራ ውስጥ፣ ጋናን ራሷን በግማሽ ፍጻሜ 1 ለ 0 አስወጣ። በፍጻሜው በአቡትሪካ ግብ በግብፅ ተሸነፈ። ሁለት ጊዜ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ ሁለቱንም አጣ።

ከሁለቱ ለዋልያዎቹ ማንን ትቀጥር ነበር ብትሉኝ፣ ዋናውን ቡድን ለኬሺ ነው የምሰጠው፣ ምክንያቱም ከእኛ ሊግ የሚመጣን ልጅ ሳይንቅ አሰልፎ ዋንጫ ሊበላ የሚችል እሱ ነው። ፊስተርን ግን አልለቀውም። ከ17 ዓመት በታቹን ይዞ አራት ዓመት ማንም ሳይነካው እንዲሠራ እተወዋለሁ፣ ቦነሱንም በሰዓቱ።